የድሮ ገጼን ፍለጋ ሳን ፍራንሲስኮ

አርብ ከሰዓት፣ ፈንስተን ጎዳና

ነጫጭ ዓምዶች ያሉት ይህ ሕንጻ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዛሬ ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ1996 የመሠረተው የኢንተርኔት አርካይቭ መኖሪያ ነው። ተቋሙ የዓለምን ድረ ገጾች እየቀዳ፣ የተቀዱበትን ቀን እየመዘገበ ያኖራል። በ2001 ‹‹ዌይባክ ማሽን›› በተባለው አገልግሎቱ ክምችቱን ለሁሉም ከፈተ፤ በ2002 ደግሞ አንድ ቅጂ ለግብጹ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ።

ፎቅ ላይ ያለው ትልቁ አዳራሽ ግሩም ነው። የምእመናኑ አግዳሚ ወንበሮች እንዳሉ ናቸው። ከበስተኋላ ሰርቨሮች ተደርድረው ሰማያዊ መብራታቸው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከየአገሩ ሰው እያነበበ፣ እያስቀመጠ ነው። በዳርና ዳር ደግሞ የልጅ ቁመት ያላቸው የሸክላ ምስሎች ቆመዋል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ ሠራተኞች ናቸው። ጠባቂን እንዲህ ማክበር ደስ ይላል።

በወጣትነቴ ከአዲስ አበባ ኢንተርኔት ካፌ የሠራሁት ገጽ የነበረበት ነጻ አገልግሎት ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆነው። አድራሻውን በስልኬ ዌይባክ ማሽን ላይ ጻፍኩ። ዓመታቱ ተዘረጉ፤ ገጹ የተቀዳባቸው ቀናት ክብ ምልክት አላቸው። አንዱን ነካሁት። ፎቶዎቹ የሉም፤ የጎብኚዎች መቁጠሪያው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። አማርኛዬም ነጥብና ጭረት የተደረበባቸው የላቲን ፊደሎች ክምር ሆኗል።

ማታ፣ ማረፊያዬ

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ኮምፒውተሮቻችን እስኪቀበሉት ዓመታት ወስዷል። እስከዚያው እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት ለፊደሎቹ የራሱን ኮድ ይሰጥ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉም የለም። የዚያን ጊዜውን ፎንት ፈልጌ ጫንኩ፤ ጽሑፉን ቀድቼ ለጠፍኩ፤ ፎንቱን መረጥኩ። ክምሩ አማርኛ ሆነ!

የገጼን የእንግዶች መዝገብ አንድ በአንድ አነበብኩ። አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ‹‹የፊዚክስ ደብተሬን ይዘህ እንዳትጠፋ›› ብሎኛል። ሌላዋ ዲቪ እንደደረሳት አብስራ፣ ‹‹አድራሻችሁን እዚሁ ተዉልኝ›› ብላለች። ሁላችንም እዚያ ነን፤ ማን ምን እንደሚሆን ሳናውቅ፣ ሁሉን ተስፋ እያደረግን።

ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር አይጠፋም ሲባል እንሰማለን። ይጠፋል። የሰዎችን ገጾች በነጻ ያኖር የነበረው ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋ ብዙ ገጾቹ የተረፉት አርካይቭ ቲም የተባሉ በጎ ፈቃደኞች ቀን ከሌት ስለቀዱ ነው። ያ ዘመን ደግሞ ለእኛ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ዳዴ ያለበት ነው። የድሮ አድራሻችሁን የምታስታውሱ ፈልጉት፤ ያገኛችሁትንም ከነፎንቱ አስቀምጡ። ፎንቱ የሌለው ገጽ ለልጆቻችን የማይነበብ ክምር ነውና።