ማሞቂያውን ነቅለን ደብረ ብርሃን ሄድን

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት ካሰባችሁ የሰሜን ሸዋን መንገድ እመክራችኋለሁ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ በጠዋት ከተነሳችሁ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፋችሁ ለምሳ ትደርሳላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። የመኪናችሁ ማሞቂያ መሥራቱንም አረጋግጡ። እኛ ይህችን ሁለተኛዋን ንቀን ሄደን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ወንድም ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ ያረጀ የተማሪ ሰርቪስ ገዛን። የኋላ ወንበሮቹን አንስተን በጣውላ መኝታ ሠራንለት። መጨረሻው ወንበር ሥር አቧራ የጠገበ የብረት ሳጥን ተገኘ፤ የኋላ ማሞቂያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ ውሃ በአንድ ቱቦ ይገባና በሌላው ይመለሳል፤ በመሃል ማራገቢያ ሙቀቱን ወደ ተሳፋሪው ይገፋዋል። የእኛው ግን እያንጠባጠበ ወለሉን አበላሽቶት ነበር።

መካኒኩ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፤ የጋለ ራዲያተር ከተከፈተ ፊት ያቃጥላል። ኩላንቱን በባልዲ አወረደው። ኩላንት ጣዕሙ ጣፋጭ ቢሆንም መርዝ ስለሆነ ልጆቹን አራቅናቸው። ሳጥኑን ፈትቶ ካወጣ በኋላ፣ «የፊተኛውም አርጅቷል። አዲስ አበባ ላይ ምን ያደርግላችኋል?» አለ። እኔ ማርኬቲንግ ኦፊሰር ነኝ፤ የማይሸጥ ዕቃ መደርደሪያ ይዞ ሲቀመጥ አልወድም። «አንሳው» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ አገናኝቶ ጨረሰ።

በጥር፣ በልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ተነሳን። ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ ስሟም ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ ነው። ከፍታዋ ወደ 2,840 ሜትር ይጠጋል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋ ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

መኪናውን የባለቤቴ አክስት ግቢ አቁመን እዚያው ውስጥ ልናድር ወሰንን። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የስድስት ዓመቷ ልጄ እግሯ በረዶ ሆነ። ደጅ ላይ ቡና ያፈላሁበት ከሰል ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ቀርቶ ነበር። ምድጃውን አንስቼ ወደ መኪናው በር ስጠጋ አክስት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወጡ።

«ልጄ፣ የት ልታስገቢው ነው?»

«ልጆቹ በረዳቸው። ጭሱ እኮ አልቋል፣ እማማ።»

«ጭሱ ነው እንዴ የሚገድለው? አስቀምጪው!»

ደነገጥኩ። እውነታቸውን ነበር። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይቀራል። መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተኛትም ዋስትና አይሆንም። ልጆቹን አክስት ቤት አስገቧቸው። ለእኛ የመንዝ ባና ሰጡን፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነው። ሞቆን አደርን።

ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭቶ ነበር። የመኪናው መስታወት በውጭ ውርጭ፣ በውስጥ የእኛው ትንፋሽ ሸፍኖታል። የፊተኛው ማሞቂያ ለእግር ብቻ ሳይሆን ለመስታወትም እንደሚያስፈልግ ያኔ ገባኝ። ፀሐይዋ እስክትሞቅ ጠብቀን ወደ አንኮበር ተነሳን።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበር፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫቸው በዚያ ነበር፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት እዚያ ነበሩ። ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በእግር ወጣን። ቁልቁል የአፋር ቆላ ተዘርግቶ ይታያል፤ ልጆቹ ዝም ብለው አዩት።

ስንመለስ ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው። መስታወቱ እንደገና ታፈነ። ባለቤቴ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ እየነዳ፣ እኔ በነጠላዬ እየጠረግሁ፣ ልጆቹ ከኋላ ባና ተከናንበው ጥቂት ተጓዝን። ገደሉ በየት በኩል እንዳለ መለየት ሲያቅተን ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገን ቆምን። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ልጄ «እማዬ፣ ለምን አንሄድም?» ስትለኝ «አንሳው» ያልኩት ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

አዲስ አበባ እንደገባን የፊተኛውን ማሞቂያ በአዲስ አስተካን። እናንተም አሮጌ መኪና ስታሳምሩ የሚያፈሰውን የኋላ ማሞቂያ ብታስነቅሉ ችግር የለውም፤ ፊተኛውን ግን አስጠግኑት እንጂ አታስነቅሉት። ቱቦ ከተነካ በኋላ ኩላንቱ መሙላቱንና አየር አለመቅረቱን አስፈትሹ፤ ያለዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ይግላል። ለማደሪያ ልብስ ያዙ፤ ከሰል ደጅ ይቅር።

የኋላው ሳጥን የነበረበት ቦታ ባዶ አልቀረም። አክስት «ለልጆቹ» ብለው የሰጡን ባና ተጣጥፎ እዚያ ተቀምጧል።