የባሕሩ ዳር የማን ነው?

ከሪሾን ለጽዮን በስተደቡብ፣ የሶሬቅ ወንዝ ከሜዲትራኒያን ባሕር የሚገናኝበት ሥፍራ ፓልማሂም ይባላል። ማለዳ ለሄደ ሰው ዓሣ አጥማጆች መንጠቆአቸውን ጥለው ቆመው ይታያሉ።

ይህ ዳርቻ ሊታጠር ተቃርቦ ነበር። የእረፍት መንደር እንዲሠራበት ለባለሀብት ተሰጥቶ ሳለ፣ ወጣቶች አሸዋው ላይ ድንኳን ተክለው ተቃወሙ፤ ሕዝብም ተባበራቸው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ዕቅዱን ሰረዘ።

በሥራዬ የማገኛቸው አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ግን ባሕር ዳር ትልቅ ሆቴል ወይም ቪላ ሲያዩ «የሰው ግቢ ነው» ብለው ይመለሳሉ። እንዲህ አይደለም። በ2004 የወጣው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሕግ ማንኛውም ሰው በባሕሩ ዳር በእግሩ እንዲያልፍ መብት ይሰጠዋል። ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ የውኃው ዳር ግን የሁላችንም ነው።

ወደብና የጦር ሠፈር ለብቻው ነው፤ እዚያ «መግባት ክልክል ነው» ከተባለ ይመለሱ። ለማጥመድም ደንብ ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በተለይ የተፈጥሮ ጥበቃ ቦታ ከሆነ ማስታወቂያውን ልጆችዎ ያንብቡልዎ። ከዚህ ውጭ መንገድ የሚዘጋ አጥር ካጋጠምዎ አይጣሉ፤ ቦታውን መዝግበው ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ያመልክቱ። መብት የሚጠቅመው ሲሠሩበት ነው።