ሽርጥ ያሸረጠውን ማን ጠየቀው?

ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ በመጋላ በኩል ብታልፉ፣ ሽርጡን አሸርጦ ጫቱን የያዘ ጎልማሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ታያላችሁ። አጠገቡ ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ አለ። ያው ሽርጥ ደብረ ብርሃን ቢሄድ "ቀሚስ ለበሰ" ተብሎ ይሳቅበታል። እኛ ግን ለምደነዋል፣ ሙቀቱም አለ፣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እዚያው መንገድ ላይ ዓይኑን የተኳለ ጎረምሳ ሲያልፍ ግን አንገት ሁሉ ይዞራል።

በቀደም ከከዚራ ስንመጣ የባጃጁ ሹፌር ኮፍያ ያደረገን ተሳፋሪ "ወንድሜ፣ ጠጋ በል" አለው። ድምፁን ሲሰማ ደግሞ ደንግጦ "ይቅርታ እህቴ" አለ። ተሳፋሪው "አቦ ተወው፣ እንደመጣልህ ጥራኝ፤ መልሴን ብቻ ስጠኝ!" ሲል ሁላችንም ሳቅን። ሹፌሩም ሳቀ፣ መልሱን ሰጠ፣ አለቀ። አንዳችን ስልክ አውጥቶ፣ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ቢለቀው ኖሮ ግን አያልቅም ነበር። ወንድ ይሁን ሴት በመልኩ የማይለይ ሰው ከቤት ሳይወጣ የሚያሰላው ብዙ ነው፦ የትኛው ሸሚዝ፣ በየት ሰፈር፣ በስንት ሰዓት።

እንዲህ ዓይነት ሰው መሆን "ከፈረንጅ የመጣ ነው" የሚለው ክርክር አይገባኝም። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ አማራ ኅብረተሰብ ሲጽፍ ወንዳገረድ የሚባሉትን መዝግቧል። ደቡብ ውስጥ በማሌ ደግሞ ወንድ ሆነው ተወልደው የሴት ልብስ የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ "አሽቲሜ" የሚባሉ ሰዎች እንደነበሩ አንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ዶንሃም ጽፏል። ነሐሴ 15 የምትታሰበው ቅድስት እንባ መሪናም በወንድ መነኩሴ ልብስ ገዳም ኖራ፣ "ልጅ አስወልደሃል" ተብላ ተከሳ፣ ዝም ብላ ሕፃኑን አሳደገች። ሴት መሆኗ የታወቀው ስታርፍ ነው። ቅድስቲቱ ትራንስጀንደር ናት እያልኩ አይደለም፤ የእሷ ምክንያት ምናኔ ነው። ግን ይህን ታሪክ ስንሰማ ያደግን ሰዎች በልብስ ይህን ያህል መደንገጣችን ይገርመኛል።

ሕጉን የምትጠቅሱ አትጠፉም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚቀጣው በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ነው፤ ስለ ኩልና ስለ ኮፍያ አይናገርም። ሰዉ ግን ይህን ለይቶ አይደለም የሚፈርደው። ነሐሴ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ባለሥልጣናት የተመሳሳይ ጾታ ድርጊትን "ጠቁሙ" ካሉ ወዲህ ደግሞ አለባበስ ራሱ ማስረጃ የሚመስለው በዝቷል። ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው የማይጠሩት የመብት ተሟጋች ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝ ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ የሚናገሩት ከቪየና ሆነው ነው። እዚህ ሆኖ መናገር የሚያስከፍለውን ታውቃላችሁ።

እምነታችሁን ተዉ አላልኩም። የማታውቁትን ሰው አትቅረጹ። የተላከላችሁንም ቪዲዮ ለሌላ አታስተላልፉ፤ አጥፉት።