ልምድና ጠባይ በቡሹሎ ሐይቅ ዳር

ከሐዋሳ መሐል ከተማ ወጣ ብላ በሐይቁ ዳር የምትገኘው ቡሹሎ ከሰዓት በኋላ ጸጥታ ይበዛባታል። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይጠግናሉ፤ አባ ኮዳዎች የቆሮሶና የአምባዛ ራስ እስኪወረወርላቸው ድረስ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ አቀርቅረው ይቆማሉ። በዚህ ሥፍራ አንድ በጡረታ የተሰናበቱ የታሪክ መምህር ዘወትር ይታያሉ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወጣት መምህር ቀርቦ፣ «ጋሼ፣ የተማሪዎች ክርክር አለን፤ ከዳኞቹ አንዱ ይሁኑልን» ሲል ለመናቸው። ርእሱን ጠየቁት። «ለአገር መሪ ይበልጥ የሚበጀው የፖለቲካ ልምድ ነው ወይስ መልካም ጠባይ?» የሚል ነበር።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ በዚህ ፈተና እኔ ራሴ የወደቅሁ ሰው ነኝ፤ እንዴት እዳኛለሁ?» አሉት። ወጣቱ ትሕትና መስሎት ሣቀ።

ጥያቄው የቆየ ነው። በየትምህርት ቤቱ ክርክር ሲነሣ ምሳሌው ዘወትር ከባሕር ማዶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1857 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ቡካናን የሁለቱም ምክር ቤቶች አባል፣ በሩሲያና በእንግሊዝ የአገሩ መልእክተኛ፣ እንዲሁም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው፤ ሆኖም የደቡብ ግዛቶች መገንጠል ሲጀምሩ የሚያደርገው ጠፍቶት ተቀመጠ። የተተካው አብርሃም ሊንከን በአገሪቱ ምክር ቤት ያገለገለው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ምሳሌው ለጠባይ ተከራካሪዎች እጅግ ይመቻል፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ይመቻል። ሊንከን በኢሊኖይ ምክር ቤት አራት ጊዜ መመረጡን፣ በየፍርድ ቤቱም ለብዙ ዓመታት መሟገቱን የሚያነሣ ተማሪ ግን እምብዛም አይገኝም።

መምህሩን ያሳሰባቸው የአሜሪካ ታሪክ አልነበረም። ሐዋሳ ራሷ ለጥያቄው ምሳሌ የሚሆን ሰው አስተናግዳለች። ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና፣ ከዚያም በፊንላንድ አገር በታምፔሬ ከፍተኛ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ፣ በአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዲን የነበሩ፣ አነጋገራቸው ለስላሳ የሆነ ሰው ናቸው። ከ1994 እስከ 1998 ርእሰ ከተማው ሐዋሳ የነበረውን የደቡብ ክልል በፕሬዚዳንትነት መሩ። በ2003 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ሲሞቱም መንበሩን ተረክበው መስከረም 11 ቀን 2005 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። መምህርነት፣ የክልል አስተዳደር፣ ዲፕሎማሲ፣ በዚያ ላይ የሰከነ ጠባይ፤ በወረቀት ላይ ከዚህ የተሟላ ዝግጅት ማግኘት ያስቸግራል።

ያም ሆኖ ዘመናቸው ሰላም አላገኘም። ከ2008 ጀምሮ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ተቃውሞ ተቀጣጠለ፤ መስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ምን ጎደላቸው? ልምድ እንዳይባል ነበራቸው። ይሁን እንጂ ልምድ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። በአንድ ግንባር ውስጥ ደረጃ በደረጃ ያደገ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የጋራ ውሳኔን ማክበር ነው፤ ይህም ለምክትል የሚበጅ ትምህርት ነው። ብቻውን ቆሞ «አይሆንም» ማለት በሚያስፈልግበት ቀን ግን ያ ሁሉ ዓመት የሚሰጠው ስንቅ እምብዛም ነው። መልካም ጠባይም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ልስላሴና ጽናት አንድ አይደሉም፤ ሰው ግን አንዱን ባየ ቁጥር ሌላውንም ያየ ይመስለዋል።

የካቲት 8 ቀን 2010 ኃይለ ማርያም የመፍትሔው አካል ለመሆን በማለት ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ጥያቄ አቀረቡ፤ መጋቢት 24 ቀንም ለተተኪያቸው አስረከቡ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን በወረዱበት፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 በኮበለሉበት፣ መለስም በሥልጣን ላይ እንዳሉ በሞቱበት አገር ይህ አዲስ ነገር ነበር። ብዙዎች አመሰገኑ። ምስጋናውም ይገባቸዋል።

የቡሹሎው መምህር ግን ምስጋናውን ሲሰሙ አንድ የራሳቸው ነገር ይቆረቁራቸዋል። በጎልማሳነታቸው ዘመን፣ ሁሉ የሚወዳቸው ደግ ሰው ስለ ነበሩ ብቻ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ተደርገው ተሾሙ። ለአዲስ ክፍል የመጣ ቆርቆሮ ከመጋዘን ጠፋ። ማን እንደ ወሰደው ዐወቁ፤ ሰውየው ተጸጽቶ ይመልሳል በሚል ተስፋ ዝም አሉ። በዝምታቸው መካከል ዘበኛው ተጠርጥሮ ከሥራ ተባረረ። መምህሩ ሹመቱ ከበዳቸውና በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ የመምህራኑ ጉባኤም ትሕትናቸውን አመስግኖ ጋቢ አለበሳቸው። ዘበኛው ወደ ሥራው አልተመለሰም። ጋቢው ዛሬም ከሣጥን ውስጥ ነው፤ ለብሰውት አያውቁም።

በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው የሲዳማ ሕዝብ ስለዚሁ ነገር ከመጻሕፍት በፊት ያሰበበት ይመስላል። በሉዋ ሥርዓት ዳራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳና ሞጊሳ የተባሉት አምስት ምድቦች ተራ በተራ ኀላፊነት ይረከባሉ፤ ተረኛው ምድብም ጋዳና የሚባል መሪ ይኖረዋል። ሶንጎ በተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነገር የሚመዘነው በሐላሌ፣ ማለትም በእውነት ነው። በዚህ ሥርዓት ጠባይና ልምድ ሁለት ተፎካካሪዎች አይደሉም። ሰውየው ተራውን ሲጠብቅ ያሳለፈው ዘመን ጠባዩን ጎረቤት ሁሉ አይቶ የሚመሰክርበት ዘመን ነው። ሥርዓቱ ሴቶችን ከሸንጎው ማራቁ የማይካድ ጉድለቱ ነው።

መምህሩ በመጨረሻ ለወጣቱ እሺ አሉ። በክርክሩ ቀን የጠባይ ወገን ስለ ሊንከን፣ የልምድ ወገንም ስለ ዲፕሎማሲ ተናገሩ፤ እንደ ተጠበቀው። ከዚያ ከልምድ ወገን አንዲት ተማሪ ተነሥታ ማስታወሻዋን አጠፈችና፣ ግንቦት 16 ቀን 1994 የሐዋሳን አስተዳደር ለመለወጥ የቀረበውን ሐሳብ ተቃውመው ሰልፍ የወጡ ሰዎች በሎቄ በጸጥታ ኃይሎች መተኮሱባቸውን፣ የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ እንደሚያከራክር፣ ክልሉን ይመሩ የነበሩትም በጠባያቸው የሚመሰገኑት እኚሁ ሰው እንደ ነበሩ ተናገረች። በ2012 ሲዳማ በሕዝበ ውሳኔ ክልል ሲሆን፣ ሐዋሳም ርእሰ ከተማው ስትሆን፣ የሎቄ ቤተሰቦች ከደስታው መካከል ሆነው ማንን እንደሚጠይቁ አለማወቃቸውን ጨመረች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰዓት ጠባቂው ደወሉን መደወል ረሳ።

ዳኞቹ በነጥብ ብልጫ ለጠባይ ወገን ፈረዱ፤ ልጅቱ ከርእሱ ወጥታለች ተባለ። መምህሩ በነጥብ መስጫው ወረቀት ግርጌ፣ አስተያየት ከሚለው መስመር ላይ፣ ተማሪዋ ከርእሱ አለመውጣቷን፣ በሚቀጥለው ጊዜም ከክርክሩ በፊት የ1994ቱ ነገር ለተማሪዎች ሁሉ እንዲነገር ጻፉ። ወጣቱ መምህር ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ወደ ቢሮ የሚሄድ ነው፤ ሌላ ባዶ ወረቀት ላምጣልዎ?» አላቸው።

«ይሂድ» አሉት፤ ብዕሩንም መልሰው ተቀብለው ከአስተያየቱ ሥር ሙሉ ስማቸውን ጻፉ።