በአንድ የፖስታ ሳጥን ሁለት አሜሪካ

በ2024 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሥራ ስመለስ እንደ ልማዴ የፖስታ ሳጥናችንን ከፈትኩ። ከመብራትና ከውኃ ሒሳቡ መሐል ሁለት አንጸባራቂ ወረቀቶች አገኘሁ። በአንዱ የአባቴ፣ በሌላው የእኔ ስም ተጽፎባቸዋል። በአባቴ ወረቀት ላይ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ የሚጸልይ ቤተሰብ ይታያል፤ ከሥሩ ስለ እምነት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ኑሮ ውድነት ተጽፏል። በእኔ ወረቀት ላይ ደግሞ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ሐኪም ቤት ቁጭ ብላ ትታያለች፤ ከሥሯ ስለ ሴቶች መብትና ስለ ጤና ኢንሹራንስ ተጽፏል። አንደኛው የሪፐብሊካን፣ ሌላኛው የዴሞክራት ነው። ቤቱ አንድ፣ ሳጥኑ አንድ፣ የምንቆርሰው እንጀራ አንድ፤ አገሩ ግን ሁለት።

ወረቀቶቹን ይዤ ደረጃውን ስወጣ መጀመሪያ የተሰማኝ የሙያ አድናቆት ነበር። ቀጥሎ ግን አፈርኩ። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሥራ ነው። በአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ድርጅት ውስጥ ሶፋ ለማን፣ መቼና በምን ዓይነት ቃል እንደሚሸጥ አስባለሁ። አዲስ ተጋቢ፣ ልጅ የወለደ፣ ቤት የቀየረ፣ ጡረታ የወጣ እያልን ደንበኛውን እንከፋፍልና ለእያንዳንዱ ልቡን የሚነካውን ሥዕል እንልክለታለን። የምርጫ ዘመቻም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። እኛ በምንኖርበት በቨርጂኒያ ግዛት መራጭ ሲመዘገብ የየትኛው ፓርቲ ደጋፊ እንደሆነ አይጠየቅም። ማንን እንደመረጠም ማንም አያውቅም። በየትኛው ምርጫ ድምፅ እንደሰጠ ግን መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ፓርቲዎችም ያንን ዝርዝር ማግኘት ይችላሉ። በዚያ ላይ ዕድሜውን፣ ሰፈሩንና የግዢ ልማዱን ጨምረው ይገምታሉ። አባቴን ገመቱት፣ እኔንም ገመቱኝ። ሁለታችንንም አልሳቱም።

እኔ ሊበራል ነኝ። ይህን ቃል ስሰማ የማስበው ስለ ርዕዮተ ዓለም መጽሐፍ አይደለም፤ ስለ አባቴ ስኳር በሽታ ነው። በዲቪ አሜሪካ የገባነው በ2006፣ እኔ የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራ፤ ኋላ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ለባለ ታክሲ ኢንሹራንስ የሚገዛለት አሠሪ የለም። በግሉ ልግዛ ሲል ደግሞ በዚያን ጊዜ ኩባንያዎች “ቀድሞ የያዘህ በሽታ አለ” ብለው መከልከል ይችሉ ነበር፤ እሱንም ከለከሉት። ብዙ ሰው “ኦባማኬር” የሚለው ሕግ በ2010 ተፈርሞ፣ ይህ ክልከላ ከ2014 መጀመሪያ አንሥቶ ቀረ። አባቴ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የኢንሹራንስ ካርድ ያዘ። ካርዱን ኪሱ ከትቶ በየጥቂት ደቂቃው ሲነካው አይቻለሁ። እኔ የፖለቲካ አቋሜን የመረጥኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

አባቴ ግን በዚያው ካርድ ወደዚያኛው ፓርቲ አዘነበለ። “መንግሥት ለረዳኝ አመሰግናለሁ፤ ልጆቼን የማሳድግበትን እምነት ግን መንግሥት አይነግረኝም” ይላል። ስለ ቤንዚን ዋጋ፣ ስለ እንቁላል ዋጋ፣ ሌሊት ሲነዳ ስለገጠመው ዝርፊያ ያነሣል። እኔ ስለ ሴቶች መብት፣ ስለ ስደተኞች፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ከቤታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ካፒቶል ስለተሰበረው መስኮት አነሣለሁ። ለዓመታት እንዲህ ስንከራከር ኖረናል፤ ቡና ሲቀርብ ደግሞ እንታረቃለን።

ወረቀቶቹ በመጡበት ምሽት ግን አልታረቅንም። ሁለቱን ጎን ለጎን ገበታው ላይ ዘርግቼ “አባዬ፣ አንተ ራስህ ስደተኛ ሆነህ እንዴት ለእነዚህ ሰዎች?” አልኩት። ረጋ ብሎ “እኛን ያስገባንን የዲቪ ሕግ የፈረመው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?” አለኝ። አላውቅም ነበር። አለማወቄን ለመሸፈን ድምፄን ከፍ አደረግሁ። በመጨረሻም ልመልሰው የማልችለውን ቃል ተናገርኩ፦ “አንተ እኮ የምትደግመው ዩቲዩብ ላይ ያየኸውን ነው።”

አባቴ አልጮኸም። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰና ተነሣ።

19 ቀን አልተነጋገርንም። ሰላምታ አለ፤ ጨዋታ የለም። እናቴ በመሐላችን ስትመላለስ ከርማ አንድ ቀን ወጥ ቤት ያዘችኝ። “ያንቺን የቢዝነስ ዲግሪ የገዛው ሌሊት እንቅልፉን ሸጦ ነው። እሱ አይልሽም፤ እኔ ግን እልሻለሁ” አለችኝ።

ያን ምሽት ጥያቄውን ለመመለስ ተቀመጥኩ። ዲቪን የፈጠረው የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው በ1990 ነው። የፈረመው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ፣ ሪፐብሊካን ናቸው። አባቴ ልክ ነበር። ሆኖም ሕጉን በሴኔት ያቀረቡት ቴድ ኬኔዲ፣ በዘመናቸው ከታወቁት ሊበራሎች አንዱ ነበሩ። ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ አገርን እየመረጠ በኮታ ያስገባ የነበረውን አሮጌ ሥርዓት ያፈረሰው የ1965ቱ ሕግ ነው፤ እሱን ዴሞክራቱ ሊንደን ጆንሰን በነጻነት ሐውልት ሥር ፈረሙት። እኛ ቤተሰቡ በሙሉ ያለፍንበት በር አንዱን መቃን አንዱ ፓርቲ፣ ሌላውን መቃን ሌላው ፓርቲ የያዘው ነበር። እኔ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው፤ አባቴም እንዲሁ።

ፍለጋዬን ቀጠልኩ። በ2017 ኦባማኬርን ለመሻር የቀረበው ሐሳብ በሴኔት የወደቀው 51 ለ49 ነው። ያን ሌሊት ከራሳቸው ፓርቲ ተለይተው እጃቸውን ወደ ታች ያደረጉት ጆን ማኬይን፣ ከሁለት ሴት ሴናተሮች ጋር፣ ሪፐብሊካን ነበሩ። የእናቴን ነገር ደግሞ እዩት። እናቴ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትረዳው በትርፍ ሰዓት ደመወዝ ስለነበር ኢንሹራንስ አልነበራትም። ቨርጂኒያ ሜዲኬይድን አስፍታ እንደ እሷ ያሉ ሠራተኞችን ያካተተችው ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ገዥው ዴሞክራት፣ የምክር ቤቱ አብላጫ ሪፐብሊካን ነበር፤ ሕጉ ያለፈው የተወሰኑ ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶቹ ጋር ስለቆሙ ነው።

ይህን የምነግራችሁ “ሁለቱም ያው ናቸው” ለማለት አይደለም። ያው አይደሉም፤ እኔም አቋሜን አልቀየርኩም። የታመመ ሰው ካርድ ማግኘት አለበት፣ ሴት ልጅ በሰውነቷ ጉዳይ መወሰን አለባት፣ የተሸነፈ ሰው መሸነፉን መቀበል አለበት ብዬ ዛሬም አምናለሁ። የተማርኩት ሌላ ነገር ነው። እኛ ሊበራሎች ስደተኛውን፣ ጥቁሩን፣ ሠራተኛውን “የእኛ ነው” ብለን ቆጥረን እናስቀምጠዋለን። ሌላ ሲመርጥ እንደ ከሃዲ ወይም እንደ ተታለለ እናየዋለን። በእኔ ሙያ ደንበኛውን የሚንቅ ሻጭ ሶፋ አይሸጥም። ደንበኛው ለምን ወደ ጎረቤት ሱቅ እንደሄደ እንጠይቃለን እንጂ “አላዋቂ ነው” ብለን አንዘጋውም። ለማላውቀው ሰው በሥራ ሰዓት የምሰጠውን ክብር ለአባቴ እራት ላይ ነፍጌው ነበር።

በ20ኛው ቀን በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። “አባዬ፣ ስለ ሕጉ ልክ ነበርክ። የተናገርኩት ቃል ግን ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ” አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና “ቅዳሜ ሥራ አለሽ?” አለኝ።

“የለኝም።”

“እንግዲያው ድምፅ መስጫው ጋ ታደርሺኛለሽ። ዓይኔ መንዳት ከልክሎኛል።”

አስቡት እንግዲህ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀደም ብሎ ድምፅ መስጠት ይቻላል። ምርጫ ቀርቧል፣ ጓደኞቼ ስልክ እየደወሉ መራጭ ያግባባሉ፤ እኔ ደግሞ ድምፄን የሚያጣፋውን ድምፅ በገዛ መኪናዬ ላደርስ ነው። ለአንድ ጓደኛዬ ስነግራት “ጎማው ፈነዳ በይውና ቅሪ” አለችኝ። እየቀለደች ነበር፤ ግማሹን ግን ከልቧ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ለአንድ ደቂቃ አስቤው ነበር።

አንድ ድምፅ ቀላል አይደለማ። በ2017 በዚሁ ግዛት ኒውፖርት ኒውስ አካባቢ ለተደረገ የምክር ቤት ውድድር ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ዳኛ የማይለየው ሆነና በጃንዋሪ 2018 ስማቸው ተጠቅልሎ የሸክላ ሳህን ውስጥ ገባ፤ ዕጣ ወጣ። የሪፐብሊካኑ ስም ወጣ፤ ፓርቲውም በምክር ቤቱ 51 ለ49 አብላጫውን ያዘ። አንድ ሰው ጎማ ፈንድቶበት ቢቀር፣ ወይም አንድ ልጅ አባቷን ብታደርስ፣ ዕጣ ባላስፈለገ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። አባቴ ሱፉን ለብሷል። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቆመን ሳለን ማውራት ጀመረ። በ1979 ዓ.ም. በደርግ ጊዜ ለሸንጎ መርጧል፤ ፓርቲው አንድ ብቻ ስለነበር ማን እንደሚያሸንፍ ከመነሻው ይታወቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት አዲስ አበባ ውስጥ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ያን ቀን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ዳቦ ተካፍሎ በልቷል። ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። “ከምርጫው ቀን ይልቅ የማግሥቱን ቀን ነው የምፈራው” አለኝ። “ያን ዕለት ካፒቶል ሲሰበር ቴሌቪዥኑን ያጠፋሁት ስላልገባኝ አይምሰልሽ። ስላወቅሁት ነው።”

ከሦስት ዓመት ከግማሽ በላይ ግድ ስለሌለው ያጠፋው መስሎኝ ነበር።

ተራችን ደርሶ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ፣ በካርቶን ተጋርደን፣ ክቦቻችንን አጠቆርን። ስንወጣ “መርጫለሁ” የሚለውን ተለጣፊ ሰጡን። እሱ ሱፉ ላይ፣ እኔ ሹራቤ ላይ ለጠፍን። መኪና ውስጥ ሆነን “በመጨረሻ ማንን መረጥክ?” አልኩት።

“ድምፅ ሚስጥር ነው ተብሎ የለ? ሌላውን ሁሉ ስነግርሽ ኖሬያለሁ፤ ይችን ለራሴ ላስቀር” ብሎ ሳቀ።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ቨርጂኒያ ለካማላ ሃሪስ ድምፅ ሰጠች፤ አገሪቱን ግን ዶናልድ ትራምፕ በ312 ለ226 የመራጭ ልዑካን ድምፅ አሸነፉ። ያን ሌሊት አለቀስኩ። ጠዋት ስነሣ አባቴ ቡና አፍልቶ ጠበቀኝ፤ ቡና ማፍላት የሱ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ሲኒውን አቀብሎኝ አጠገቤ ተቀመጠ። “እንኳን ደስ ያለህ” አላልኩትም፤ እሱም “አይዞሽ” አላለኝም። ቡናው ቀጥኗል፤ ሁለታችንም ጨርሰን ጠጣነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሁለት ደንብ አለን። ስልክ ገበታ ላይ አይወጣም። አንዳችን የሌላውን ሐሳብ ከመንቀፋችን በፊት ደግሞ ባለቤቱ “አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት” እስኪል ድረስ በራሳችን ቃል መድገም አለብን። ደንቡን ሁልጊዜ እናከብራለን ብል ውሸት ይሆንብኛል። ባለፈው እሑድ ስለ ስደተኞች ስናወራ ሁለት ጊዜ ጮኬያለሁ፤ አባቴም አንድ ጊዜ ሳህኑን ገፍቷል። ግን አልተነሣም።

ወረቀቶቹ አሁንም ይመጣሉ። የሱን ለሱ፣ የእኔን ለእኔ እያልኩ አልለይም፤ ሁለቱንም ገበታው ላይ አስቀምጣለሁ። አባቴ የእኔን ያነብባል፤ እኔ የሱን። እናንተስ ቤት ሳጥኑን የሚከፍተው ማን ነው?