«ጥላሁን» የሚሉት የልጅ ልጄ

በአሶሳ ገበያ ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ ማንጎ የምትሸጥልኝ ሴት ግን ዛሬም «ሲስተር፣ ይምጡ፣ የበሰለውን ልምረጥልዎት» ነው የምትለኝ። ነጩን ጋውን አውልቄያለሁ፤ ስሙ አልወለቀም። እኔ አልተከፋሁበትም፤ የደከምኩበት ስም ነው። የልጅ ልጄ ነገር ግን አሳስቦኝ ከርሟል።

ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ገና ጡት ይጠባ ነበር። አምና በትምህርት ቤታቸው መዝጊያ በዓል ላይ የሟቹን ባለቤቴን ሰፊ ኮት ለብሶ፣ መሐረብ ይዞ፣ ጥላሁንን ሆኖ ተጫወተ። ከእሱ ቀድመው የበርታ ልጆች ዋዛ ነፍተው ነበር። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲቀባበሉት ነው። የኔ ልጅ ግን ብቻውን ነበር የቆመው፤ ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ «ጥላሁን» ይለው ጀመር። ሠርግ ይጠሩታል፤ ይሸልሙታል። ቤት ውስጥ ውኃ ሲጠይቀን እንኳ ድምፁን እያወፈረ መጣ። ይባስ ብሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቴአትር ነው የማጠናው አለ። እናቱ እንቅልፍ አጣች።

«እማዬ፣ አንቺ ምከሪው። የሰው ድምፅ ይዞ ሊያረጅ ነው» አለችኝ። «አበበ ባልቻን ስንት ዘመን አስናቀ እያልን ጠራነው?»

እውነቷን ነው። «ሰው ለሰው» ይታይ በነበረ ጊዜ ባለቤቴ አስናቀን ከወንበሩ ተነሥቶ ይሰድበው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። አስናቀ ግን ደራሲ የፈጠረው ሰው ነው። ሕዝብ በጆሮው የያዘውን ዘፋኝ መሆን ይበልጥ ይከብዳል፤ ተመልካቹ እያንዳንዷን ድምፅ ከዋናው ጋር እየመዘነ ነው የሚያይህ።

በር የሚከፍት ሥራ መሆኑን አልክድም። ጄሚ ፎክስ ሬይ ቻርልስን፣ ራሚ ማሌክ ፍሬዲ ሜርኩሪን ሆነው ኦስካር ወስደዋል። ኦስቲን በትለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ለወጣው ፊልም ኤልቪስ ፕሪስሊን ለመሆን ሦስት ዓመት ያህል ለፋ። ለኦስካርም ታጨ። ነገር ግን ቀረጻው ባለቀ ማግስት ታሞ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። የኤልቪስ አነጋገርም ከአንደበቱ አልወጣ ብሎ፣ ለሌላ ሥራ ሲዘጋጅ የሚያስጥለው የንግግር አሠልጣኝ አስፈለገው። መታመሙ አልገረመኝም። እኛም ሌሊቱን ሙሉ ቆመን ስናዋልድ ጉልበታችን የሚከዳን ሕፃኑ በሰላም ከወጣ በኋላ ነበር።

ልቤን ትንሽ ያሳረፈችው የራሳችን ልጅ ሩት ነጋ ናት። የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አገራችን ውስጥ ትሠራ የነበረች አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው። በአራት ዓመቷ ወጣች፤ በሰባት ዓመቷ አባቷ በመኪና አደጋ ሞተ። ሙያችን አንድ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ታሪኳን ሳነብ ያለቀስኩት ለእናቲቱ ነው።

ሩት እ.ኤ.አ. በ2011 በቢቢሲ ፊልም ላይ ሸርሊ ባሴይን ሆነች። ባሴይ «ጎልድፊንገር»ን የዘፈነችው፣ ድምፅዋ አዳራሽ የሚያናውጥ፣ አባቷ ናይጄሪያዊ የሆነ የካርዲፍ ልጅ ናት። ሩት በዚህ ሥራ በአየርላንድ ተሸለመች። ከዚያ በኋላ ዘፋኝ ብቻ አድርገው ቢያስቀሯት ኖሮ ማን ይፈርድባቸዋል? እሷ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ነጭ በማግባቷ ከቨርጂኒያ የተባረረችውን ሚልድረድ ላቪንግን ሆና መጣች። እዚያ ብዙ አትናገርም፤ ዓይኗ ነው የሚሠራው። በዚያ ዝምታ ለኦስካር በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጨች። ፊልሙን ሁለት ጊዜ አየሁት።

ባለፈው እሑድ ልጁን ማንጎው ጥላ ሥር ጠራሁት።

«መሐረቡን አስቀምጥ» አልኩት። «እስቲ አያትህን ሆነህ አሳየኝ።»

«እማማ፣ አባባ እኮ አይዘፍንም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ጥቂት አሰበ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋና ተቀመጠ። የሌለ መነጽር አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገው፤ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው። የሌለውን ሬዲዮ ከፈተና ጆሮውን አዘነበለ፤ ደረቱን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ያሸው ጀመር። ያችን የመጨረሻዋን ዓመት ያየ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያውቀው። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እናቱ የቡና ረከቦቱን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። ልትቆጣው መስሎኝ ነበር። ረከቦቱን መሬት ላይ አስቀመጠችና «እማዬ፣ ኮቱን ማሳጠር አለብን፤ እጅጌው ረዝሞበታል» አለች።