ፒያኖ ያላጠገባት ነፍስ

ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ አውቶቡስ የሚሳፈር ወጣት መድረሻው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ነው፤ ከዚያም ካለፈ ዓረብ አገር። ሥራ ይፈልጋል፣ ቤት ይፈልጋል፣ ለእናቱ የሚልከው ብር ይፈልጋል። በዚህ የሚነቅፈው ሰው የመንዝን ገብስ ውርጭ ሲመታው አላየም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሥራውም ቤቱም ብሩም ከተገኘ በኋላ ልብ ለምን "ገና ነው" ይላል?

ይህን ጥያቄ ስናነሳ፣ ወጣቱ በሚሄድበት መንገድ በተቃራኒው የተጓዙ አንዲት ሴት ትዝ ይላሉ። እርሳቸው ከከተማው ወደ ደጋው ነው የሸሹት።

የውብዳር ገብሩ በ1916 ዓ.ም በአዲስ አበባ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በ6 ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከቤተሰባቸው ጋር ታስረው ባሕር ማዶ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ሙዚቃ አጠኑ። ከዚያም የሚመኙት ነገር ደጃቸው ደረሰ፦ ለንደን ሄዶ የመማር ዕድል። ፈቃድ ግን ተከለከሉ። ከሐዘናቸው ብዛት እህል እምቢ ብለው ለሞት ተቃረቡ፤ ቅዱስ ቁርባንም ተቀበሉ።

ሲያገግሙ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። ይህች ግሸን የእኛዋ ግሼ አይደለችም፤ በወሎ አምባሰል ያለችው፣ መስከረም 21 ምእመናን የሚጎርፉባት፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት አምባ ናት። እዚያ መነኮሱ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ወደ 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው በአምባው ላይ ኖሩ።

"ለንደን ቢሄዱ ኖሮ አይመነኩሱም ነበር፤ እምነት የከሸፈ ሕልም ማስታመሚያ ነው" የሚል አይጠፋም። አባባሉ ላይ ላዩን እውነት ይመስላል። ግን የከሸፈ ሕልም ማስታመሚያ ስንት ዓመት ይቆያል? አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይሆናል። እማሆይ ግን በምንኩስና ከ70 ዓመት በላይ ኖሩ።

ደግሞም ሙዚቃን ጨርሰው አልጣሉም። ከግሸን ከተመለሱ በኋላ ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ሄደው የቆሎ ተማሪዎች ሜዳ ላይ ሲያድሩ አዩ። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ፒያኖ ግን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ አልበም አስቀረጹ፤ ገቢውን ለችግረኞች አዋሉት። በ1984 ኢየሩሳሌም ገቡና በኢትዮጵያ ገዳም ተቀመጡ። የዓለም ዝና በራቸውን ያንኳኳው ዕድሜያቸው 80 ካለፈ በኋላ ነበር። ዝናው ቢመጣም ከገዳሙ አላስወጣቸውም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው እዚያው አረፉ።

የዚህ ሕይወት ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። በወጣትነታቸው ፒያኖው ሲከለከሉ መኖር አቃታቸው፤ ምክንያቱም ነፍሳቸውን ያሳረፉት እርሱ ላይ ነበር። ነፍሳቸው በእግዚአብሔር ላይ ካረፈች በኋላ ግን ያው ፒያኖ ለተራበ ልጅ እንጀራ ሆነ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተሸከመው ሸክም ነው የተለወጠው።

ክርስትና ለድሃ "ብር አትፈልግ" አይልም። እንዲህ ብሎ የሚሰብክ የጠገበ ሰው ነው። ክርስትና የሚለው፣ ብር ቤት ይሠራል እንጂ ልብን አያሳርፍም ነው። ዲግሪም፣ ቪዛም፣ ሥልጣንም፣ ጭብጨባም እንዲሁ። ከአቅማቸው በላይ ስንጠብቅባቸው ይጥሉናል፤ ከዚያም እነርሱኑ እንረግማለን።

ሁሉም ሰው ይመንኩስ ማለት አይደለም። አንዱ አርሶ፣ አንዱ ነግዶ፣ አንዱ ተሰዶ ይኖራል። ልዩነቱ የሚታወቀው ያ ነገር ከእጅ የወጣ ቀን ነው። በዚያ ቀን አብራ የማትወድቅ ነፍስ ያለችው ሰው፣ ኪሱ ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ ሀብታም ነው።